ፎቶግራፍ ሁሉ ምስክር አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

«ማየት ማመን ነው» እየተባለ የሚነገረው አባባል በዛሬው ጊዜ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሆኗል። ባለፈው ሰሞን በምንኖርበት በአየር ጤና ሰፈር የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ «የተሰረቀ ዕቃ ተሸክሞ ሲሄድ» ተብሎ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። ልጁን ለመደብደብ የተሰበሰቡም ነበሩ። ደግነቱ አንድ አስተዋይ ጎረቤት ሥዕሉን አተኩሮ ሲመለከት፤ ብርሃኑ በፊቱ ላይ ከቀኝ፤ በደረቱ ላይ ግን ከግራ የሚወርድ ሆኖ አገኘው። የልጁ ፊት በሌላ ሰው አካል ላይ የተለጠፈ መሆኑም በዚሁ ታወቀ።

ይህ ዓይነቱ ተንኰል ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ዘመን፤ የሙስሊም ጥምጥም አድርገው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በሰው እጅ ይዞር እንደ ነበረና፤ ሥዕሉም በብልሃት የተቀጣጠለ ነው ይባል እንደ ነበረ በታሪክ ይነገራል።

ይሁን እንጂ ሐሰቱ ሁልጊዜ በሥዕሉ ውስጥ አይገኝም። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር፤ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎች የዚያ ጦርነት ናቸው እየተባሉ ተሰራጭተዋል። ሥዕሉ እውነተኛ፤ ሐሰቱ ግን ከሥሩ የተጻፈው ቃል ነበር። እንዲህ ባለው ላይ ጥላና ብርሃን ቢመረመር ምንም አይገኝም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈጥረው ሥዕልም ጥላውን ከቀን ወደ ቀን እያስተካከለ ስለ መጣ፤ ዓይን ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ማን አነሣው? የት? መቼ?» የሚለው ነው። ስልክ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ቀኑን፤ ሰዓቱንና የመሣሪያውን ዓይነት አብሮ ይመዘግባል። ሥዕሉ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶግራፍ ሲላክ ግን ይህ መዝገብ ይቀራል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ቅጂ ከአንሺው መጠየቅ፤ ሥዕሉንም በጎግል አስገብቶ ከዚህ ቀደም የት ወጥቶ እንደ ነበረ መፈለግ ይገባል። ይህን ሳያደርጉ ሁሉንም «የተቀነባበረ ነው» ማለትም ሌላ ጥፋት ነው፤ እውነተኛው በደለኛ በዚያ ቃል ያመልጣልና።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጥፊውን ይቀጣ ይሆናል። ነገር ግን ቅጣቱ የሚመጣው ጅብ ከሄደ በኋላ ስለሆነ፤ የተደበደበውን ልጅ ከመመታት አያድነውም። የሚያድነው ፎቶግራፉን ለሌላ ከማስተላለፉ በፊት ጥቂት የሚዘገይ ጎረቤት ነው።

ጋዜጦችም በሚያወጡት በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር የአንሺውን ስም፤ ቦታውንና ቀኑን ቢጽፉ፤ አንባቢው ይህን ከሌላውም መጠየቅን ይለምዳል በማለት አሳቤን በትሕትና አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ፤
አንድ አንባቢ፤ ከኮልፌ ቀራንዮ