ከሰኔ እስከ መስከረም ፤ ዓይነ ሥውራንና መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ስለሚከርሙበት ሁኔታ

ገበሬ የዓመት ድካሙን የሚያየው በአውድማ ላይ ነው። ዳሩ ግን ምርቱን አበራይቶና አዝርቶ ወደ ጎተራው ካላስገባው የደከመበት እህል ለወፍና ለምስጥ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል። የመምህርም ነገር እንደዚሁ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የዘራውን በሰኔ ፈተና ጊዜ ያየዋል ፤ ነገር ግን ያ ፍሬ በክረምቱ ወራት ጠባቂ ካላገኘ በመስከረም ሥራውን ከባዶ መጀመር ግዴታው ይሆናል። ይህ በተማሪ ሁሉ ላይ የሚደርስ ቢሆንም ፤ ዓይነ ሥውራን በሆኑትና መስማት በተሳናቸው ልጆች ላይ የሚያመጣው ጉዳት እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ፤ ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ልናሳስብ ወደናል።

በዓመቱ መጨረሻ ወደ ዓይነ ሥውራን ክፍል የገባ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው ዝናም በቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚያሰማው ያለ የጠብታ ድምፅ ነው። ይኸውም ተማሪዎቹ ስታይለስ በሚባለው መውጊያ በወፍራም ወረቀት ላይ መልሳቸውን ነጥብ በነጥብ ሲጽፉ የሚሰማ ነው። ጽሕፈቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል ፤ ወረቀቱ በተገለበጠ ጊዜ ግን ነጥቦቹ ወደ ላይ አብጠው ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ያነባቸዋል። ከዚያ ተነሥቶ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወዳሉበት ክፍል የተሻገረ ሰው ዝምታ ያገኛል ፤ ነገር ግን ይህ የሥራ ፈት ዝምታ አይደለም ፤ እጆች ሁሉ ይናገራሉ። መምህሩ ተማሪዎቹን ሊጠራ ሲፈልግ እጁን ያወዛውዛል ወይም ወለሉን በእግሩ ይመታል ፤ የጓደኛቸው መልካም ውጤት በተነገረ ጊዜም ልጆቹ በጭብጨባ ፈንታ ሁለት እጆቻቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጣቶቻቸውን ያርገበግባሉ።

ይህን ትምህርት ከውጭ እንደ መጣ እንግዳ ነገር አድርጎ የሚቈጥር ሰው ቢኖር ፊደላችን በውስጡ እንዴት እንደ ገባ ይመልከት። የብሬል ጽሕፈት በሕፃንነቱ ዓይኑን ያጣው ፈረንሳዊ ሉዊ ብሬል ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1824 ያሰናዳው ሲሆን ፤ መሠረቱ ስድስት ነጥብ ብቻ ነው። እነዚህ ነጥቦች እየተለዋወጡ 63 ምልክት ይሰጣሉ። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ቤት ሲቈጠሩ 231 ስለሚሆን በ63 ምልክት አይወሰንም ፤ ስለዚህ በአማርኛው ብሬል ተነባቢውና አናባቢው እየተለያየ ይጻፋል። በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ደግሞ ፊደል በእጅ ሲቈጠር ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ ተሰጥቶት ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ቤቶች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። አባቶቻችን በሰባት ቤት ያሰናዱት ሀሁ እነሆ በጣትና በመዳፍም ይነበባል ማለት ነው።

በሕግም በኩል ቢሆን የጎደለ ቃል የለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች ፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽም ስለ ትምህርት የተጻፈ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርትን ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቶ በ2012 አሻሽሎታል። እንግዲህ ያነሰው ቃሉ ሳይሆን ፤ ቃሉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ቀበሌው ደጃፍ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ለምሳሌ ያህል በደራ ወረዳ የምትገኘውን አንበሳሜን እንመልከት። አንበሳሜና በዙሪያዋ ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ለትምህርት እንግዳ ሀገር አይደለም። የድጓ ምስክር የሚሰጥበት ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት መፍለቂያ የሆነው ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው። በእንዲህ ያሉት ጉባኤ ቤቶች ዓይነ ሥውር ተማሪ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ትምህርቱ በቃል የሚነገርና በጆሮ የሚያዝ ስለ ሆነ ፤ ዓይኑን ያጣ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ተቀምጦ ዜማውን ያጠናል ፤ ቅኔውን ይቀኛል ፤ ከበረታም ለመምህርነት ይበቃል። በእስክንድርያም በአራተኛው መቶ ዓመት ዲዲሞስ የተባለው ሊቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ሥውር ሳለ የታላቁ ትምህርት ቤት መሪ ለመሆን እንደ በቃ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይመሰክራል።

ዳሩ ግን ነገሩን በጥንቃቄ ለመረመረው ሰው አንድ ቁም ነገር ይገለጥለታል። የቀድሞው ትምህርት በጆሮ የሚሰጥ ስለ ነበረ ለዓይነ ሥውሩ በሩን ሲከፍትለት መስማት ለተሳነው ግን ዘግቶበት ኖረ። የአሁኑ ትምህርት ደግሞ በሰሌዳና በመጽሐፍ ፤ ማለት በዓይን የሚሰጥ ስለ ሆነ ፤ ብሬል ከሌለ ለዓይነ ሥውሩ ይዘጋበታል ፤ መስማት የተሳነውም ልጅ ሰሌዳውን ቢያይ የመምህሩን ማብራሪያ የሚነግረው የምልክት ቋንቋ ካላገኘ እንደ ተዘጋበት ይኖራል። ስለዚህ ሁለቱን ልጆች አካል ጉዳተኞች ብሎ በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ዓይነት መድኃኒት ማዘዝ ስሕተት ነው።

ይህም ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በክረምት ነው። ልዩ ትምህርት ቤቶችና ልዩ ክፍሎች በጥቂት ከተሞች ብቻ ስለሚገኙ ፤ ብዙዎቹ ልጆች ከቤታቸው ርቀው ይማራሉ ፤ ሰኔ ሲያልቅም ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። ዓይነ ሥውሩ ልጅ ከቤቱ ሲደርስ እናቱ የምትናገረውን ይሰማል ፤ አባቱ የሚጠይቀውንም ይመልሳል ፤ በክረምቱ የሚያጣው ንባቡን ነው። ጣት ወር ከመንፈቅ ነጥብ ሳይዳስስ ከቈየ ይደነዝዛልና። መስማት የተሳነው ልጅ የሚያጣው ግን ከዚህ ይበልጣል። በትምህርት ቤት ሳለ ቀልድ ሲያወራ ፤ ሲከራከርና ሲጠይቅ የነበረው ልጅ ከቤቱ በደረሰ ጊዜ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው አያገኝም። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል የመንደሩ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹና በየደጁ ሲጨፍሩ እርሱ የጅራፉን መወናጨፍ እያየ ዳር ይቆማል። በአባቱ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ ይከርማል።

ከዚህም የከፋው መስከረም ጠብቶ ሳይመለስ የሚቀረው ልጅ ነገር ነው። አንዱ የመጓጓዣ ገንዘብ ያጣል ፤ ሌላው ከብት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል ፤ ሦስተኛውን ወላጆቹ ከጎረቤት ዓይን ይሸሽጉታል ፤ አራተኛውም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምጽዋት ይቀመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜም መንገዱ ከማንም ይልቅ የከበደው ያለ መሪ መንቀሳቀስ ለማይችለውና የተኩስ ድምፅ ሰምቶ መሸሽ ለማይችለው ልጅ እንደ ነበረ ማሰብ አያዳግትም።

አንዳንድ ሰዎች ፤ ሙሉ አካል ላላቸው ልጆች እንኳ ወንበርና መጽሐፍ ሳይበቃ ለጥቂቶች ይህን ያህል ወጪ ማድረግ ይገባልን ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የቸልተኝነት ብቻ አይደለም ፤ የበጀትን ጥበት ከሚያውቅ ሹም አፍ ሊወጣ ይችላል። መልሱ ግን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተገለጸው ሀገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከ100 ሰዎች 1.6ቱ ዓይነ ሥውራን ፤ 3.7ቱም የማየት ችሎታቸው የደከመ መሆኑን አሳይቷል ፤ ይህም ቍጥር ጥቂት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሁለተኛም ያልተማረው ልጅ ወጪ የለውም ማለት ስሕተት ነው ፤ ዕድሜውን ሙሉ ቤተሰቡና ሀገሩ ይሸከሙታልና። ሦስተኛም የተማረው ምን እንደሚያፈራ ታይቷል። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ በአማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን ካጡ በኋላ በሻሸመኔ በዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተምረው ሕግ ዐዋቂ ሆኑ ፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ለመቀበል በቁ። በዚያች ሩቅ መንደር ቀርተው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ብርሃን ከእንቅብ በታች እንደ ተደፋ በቀረ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ ? በአሳባችን የሚደረገው ነገር ከአቅም በላይ አይደለም። የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው ፤ አዲሱም ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። በዚህ ሰሞን ንብረት ተቈጥሮ ዕቃ ቤት ይቈለፋል። ደንቡ መልካም ነው ፤ ነገር ግን ከዕቃው ጋር የልጁ መጻፊያ አብሮ እንዳይቈለፍ ያስፈልጋል። ስሌቱና ስታይለሱ ፤ ጥቂት ወፍራም ወረቀትና አንድ የብሬል መጽሐፍ በወላጅ ፊርማ ለልጁ ቢሰጠው ፤ ጣቱ በክረምት አይፈታም። የሚቀጥለውም ዓመት ወረቀት ልጆቹ በሌሉበት በሐምሌ በሚጸድቀው በጀት ውስጥ በስሙ ተለይቶ መግባት አለበት ፤ የሌለ ሰው ይረሳልና።

ርእሰ መምህሩም ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ አስቀድሞ የእያንዳንዱን ልጅ ስምና ቀበሌ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያስረክብ ፤ ጽሕፈት ቤቱም የመስከረም ምዝገባ እስኪያልፍ ሳይጠብቅ በነሐሴ ወር ልጁ ለመመለስ መሰናዳቱን ይጠይቅ። መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆች ልጃቸውን ሊወስዱ በመጡ ጊዜ ጥቂት ቀን ተቀምጠው እንጀራ ፤ ውሃ ፤ ሕመም ፤ ና ፤ ሂድ ፤ አይዞህ የሚለውን ቃል በእጅ መናገር ይማሩ። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት አብራ ብትማር ይልቁን የተሻለ ይሆናል።

ለካህናትም ድርሻ አላቸው። በገጠር ቤት ውስጥ የተሸሸገውን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የንስሐ አባት ነው። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ በደሉን ከእርሱም ከወላጆቹም እንዳራቀ ካህኑ ለሕዝቡ ቢያስተምር ፤ ልጁን የሚሸሽገው እፍረት ሥሩ ይነቀላል። በደጀ ሰላም ከሚሰጠው ምጽዋት ይልቅ ልጁን በመስከረም ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያደርሰው ጉዞ የበለጠ ምጽዋት መሆኑንም ሊነግሩ የሚችሉ እነርሱ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ መፃጉዕ ብላ ታስበዋለች። ያ ሰው 38 ዓመት በአልጋው ላይ የኖረው የመጠመቂያው ውሃ ጠፍቶ አልነበረም ፤ ውሃው በፊቱ ነበረ ፤ ነገር ግን ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው አጣ። ዛሬም ሕጉ ወጥቷል ፤ ስድስቱ ነጥቦችም ተሰናድተዋል ፤ ሰባቱን ቤት በእጅ የሚያነቡ መምህራንም አሉ። በደራ ደጋ ዝናሙ እስኪያባራ በጎጆ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ የሚጠብቀው በመስከረም እጁን ይዞ ወደ መንገዱ የሚያወጣውን ሰው ነው። ያም ሰው ከወረዳው ሹም ፤ ከአጥቢያው ካህን ወይም ከልጁ አባት አንዱ ነው እንጂ ከሩቅ ሀገር የሚመጣ አይደለም።