ብርጭቆው የጨመረው

የደብረ ታቦር ሌሊት ይበርዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠች ከተማ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከጉና የሚወርደው ነፋስ በመዝጊያው ሥር ሲሾልክ፣ በጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ትንንሽ ብርጭቆዎች እንደ ፍም ቀልተው ሳያቸው ደስ ይለኛል። ቫልቭ ይባላሉ፤ በአያቶቻችን ዘመን በነበረው ትልቅ ራዲዮ ሆድ ውስጥ ይበሩ የነበሩት ዓይነት ናቸው። ያ ራዲዮ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም ነበር፤ እስኪሞቅ ይጠበቃል። የእኔዎቹም እንዲሁ ናቸው። የሚኖሩት ግን በራዲዮ ውስጥ ሳይሆን፣ በቁጥር የተቀመጠን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ በሚመልስ መቀየሪያ ውስጥ ነው። መሣሪያውን በውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ከላከልኝ አንድ ዓመት አለፈው። ስለ እርሱ ያለኝን አስተያየት ለመጻፍ የዘገየሁት፣ አስተያየቴ መሐል ላይ ስለ ተለወጠ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ ድምፅን በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል። የመቀየሪያው ተግባር እነዚህን ቁጥሮች መልሶ ሞገድ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚሠሩት የቀሉት ብርጭቆዎች ይመስሉታል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። አይደሉም። በእኔ መሣሪያ ውስጥ ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚመልሰው ጥፍር የሚያህል ቺፕ ነው። ቫልቮቹ የሚደርሱት ከዚያ በኋላ፣ ሞገዱ ወደ ማጉያው ሊወጣ ሲል ነው። በሚያልፍበት ጊዜ ግን ከራሳቸው ጥቂት ይጨምሩበታል፤ ይልቁንም ያንኑ ድምፅ በእጥፍ ድግግሞሽ፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገው ይደርቡበታል። ይህ ጭማሪ ከዋናው ጋር ስለሚስማማ ጆሮ አይቆጣውም። መሐንዲሶች መዛባት ይሉታል፤ ወዳጆቹ ሙቀት ይሉታል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

ሙቀቱንስ አልክድም። የማሲንቆው ጭራ ከአውታሩ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ሹልነት ይለዝባል። የከበሮው ድምፅ ይሞላል። በተጨመቀ ፋይል ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሸው ጸናጽል እንኳ ገራም ይሆናል። ወራት ሙሉ እንዲህ እየሰማሁ ለወዳጆቼ «ዲጂታሉን ሰው አደረገው» እያልሁ አወራሁ። ደብረ ታቦር ግን ጸናጽልን በካሴት ብቻ የምታውቅ ከተማ አይደለችም፤ የተክሌ አቋቋም አገር ናት። ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ፣ ከማኅበሩ አጠገብ ቆሜ እውነተኛውን ጸናጽል ስሰማ ደነገጥሁ። ገራም አይደለም፤ ይሰላል፣ ይበራል፣ ጆሮን ይወጋል። ቤቴ የለመድሁት ጸናጽል ጥርሱን የነቀልሁት ጸናጽል ነበር።

አስተያየቴን ፈጽማ የለወጠችው ግን እናቴ ናት። አባቴ በታላቅ ወንድሜ ሠርግ ላይ ሲያቅራራ የተቀዳ አንድ ካሴት አለን። ካሴቱ ከሌላ ካሴት የተገለበጠ ነው፤ እርሱንም ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥሁት። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ከድምፁም የቀረን ይህ ብቻ ነው። አንድ ማታ በቫልቩ በኩል አሰማኋት። ፊቷን እያየሁ እንባዋን እጠብቅ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ማነው?» አለችኝ።

«አባቴ ነዋ፣ እማዬ።»

«የአባትህማ ድምፅ እንዲህ አይለሰልስም። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጉሮሮው ይሰነጠቅ ነበር፤ እኔ ከማዶ የምለየው በዚያች ስንጥቅ ነበር።»

መሣሪያው ቫልቮቹን ሳይነካ የሚያወጣ ሌላ መውጫ አለው። ገመዱን ወደዚያ አዛወርሁት። ድምፁ ቀጠነ፣ ደረቀ፤ የካሴቱም ሽውታ ከፍ አለ። እናቴ ግን ከመቀመጫዋ ቀና አለች። «አሁን እርሱ ነው» አለች። ጥቂት አዳምጣ ደግሞ፣ «ምነው እንዲህ ራቀ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄዋ መልስ የሚሰጥ መውጫ በመሣሪያው ላይ የለም።

የቫልቭ ወዳጆች እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ሙግት አላቸው። የበገናን ድምፅ በገና ያደረገው ጭማሪ አይደለምን? ይላሉ። እውነት ነው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ አውታሩን ታንዘረዝረዋለች። ያ መንዘርዘር ባይኖር ከአሥሩ አውታሮች የምንሰማው ጭር ያለ የጅማት ድምፅ ብቻ በሆነ ነበር። የዓለሙ አጋን በገና የሰማ ሁሉ የማይረሳው ይህንኑ መንዘርዘር ነው። ስለዚህ ጭማሪ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እንዚራዋን ያስገባት፣ ቦታዋን በጣቱ እየገፋ ያስተካከላት ደርዳሪው ራሱ ነው፤ የመዝሙሩ አካል ናት። የእኔን ብርጭቆዎች ግን አባቴ አላስገባቸውም። እነርሱ የሚያሰሙኝ የእርሱን ጉሮሮ ሳይሆን የእኔን ምኞት ነው።

የምተዳደረው በባንክ መስኮት ነው፤ በሙያችን አንድ ሕግ አለ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ በገንዘብ ያዡ እጅ ጉድለት ቢገኝ ስሕተት ነው፤ ትርፍ ቢገኝም ስሕተት ነው። ትርፉ ያስደስታል ተብሎ ወደ ኪስ አይገባም፤ ትርፍ ተብሎ ይመዘገባል። ስለ ቫልቭም የምለው ይህንኑ ነው። የሚወደው ይስማበት፤ እኔም ለዘፈን እሰማበታለሁ፣ አልሸጠውም። ጣዕሙን ግን በትርፍ መዝገብ ይያዘው እንጂ እውነተኛውን ድምፅ አገኘሁ አይበል። ጉድለቱን ደግሞ ትርፍ አይሞላውም፤ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የጠፋውን ድምፅ የትኛውም ብርጭቆ አይመልሰውም።

ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ በጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ ሲያስቀርጽ፣ ቫልቭ የሚባል ነገር ገና በድምፅ ቅጂ ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ሰው በቀንድ መሳይ ቱቦ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ የድምፁ ጉልበት መርፌውን ይነቀንቃል፤ በቃ። ያን ድምፅ ለእኛ ያደረሰው የመሣሪያው ምቾት አይደለም። ሰውየው በሕይወት ሳለ በቱቦው ፊት መቆሙ ነው።

ከዚህ ከእኛው አገር ደግሞ ሌላ ምስክር ልጥራ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው የዜማ ምልክት እንዳበጁለት ሊቃውንቱ ይተርካሉ። ምልክቱ በብራናው ላይ ተጽፎ ሳለ፣ በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ተማሪ ለምን ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል? ምልክቱ የዜማውን መንገድ ስለሚያስታውስ እንጂ ጉሮሮውን ስለማይሸከም ነው። እዚያ ቤት ምልክቱን ወደ ድምፅ የሚመልሰው ሕያው ሰው ነው። እርሱ ሳያስተላልፍ ካረፈ፣ ብራናው ቢቀርም ድምፁ ይሄዳል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ስለ መቀየሪያው ብትጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው። ገንዘብህ ትንሽ ከሆነ ስለ ማዳመጫው ከመጨነቅህ በፊት ስለ መቅጃው ተጨነቅ። በየጓዳችን የሚያንጎራጉሩ እናቶች፣ በየደጀ ሰላሙ የሚያዜሙ ሽማግሌዎች አሉ። በእጃችን ያለው ስልክ እንኳ ከአባቴ ካሴት ይሻላል። ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ቀረብ ብለን፣ ሳንጨምቅና ሳናለሰልስ እንቅዳቸው። እኔም በዚያ ማታ ስልኬን ከእናቴ ፊት አስቀምጬ ልጅ ሳለሁ ታንጎራጉርልኝ የነበረውን ለመንኋት። «እኔ አለሁ አይደል፣ ምን አስቸኮለህ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ተቀድቷል። እንጉርጉሮውን ገና እየለመንኋት ነው።

ብርጭቆው ቢሞቅም፣ ፍም መስሎ ቢወጣ፣
ያልተቀዳውን ድምፅ፣ ከየት አባቱ ያምጣ።

ቸር እንሰንብት።