«ሰብር እያደረግን ነው»፦ ተቅማጡ የሰነበተበት ልጅ



ባለፈው ከፈጅር ሰላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን መስጂድ በር ላይ አገኘኝ። የ1 ዓመት ከ5 ወር ልጅ አለው። «ልጄን ማስቀመጥ ከጀመረው ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው፤ ዱዓ አድርግልኝ» አለኝ። ዱዓ አደረግኩለት። «ምን እየሰጣችሁት ነው?» ብዬ ስጠይቀው፦ «ምንም። እናቴ ጥርስ ሊያበቅል ነው ትላለች፤ እኛም ሰብር እያደረግን ነው» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ «ሰብር» የምትል ቃል ናት።

ሰብር ትልቅ ዒባዳ ነው። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ሰብር እያደረገ ያለው ማን ነው? አባት ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። እናት ሌሊቱን ስትቀይርና ስታጥብ ታነጋለች። ልጁ ስለ ሰብር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከሰውነቱ ውኃና ጨው እየወጣ ነው። እኔና አንተን ሦስት ቀን ቢያስቀምጠን ከስተን እንነሳለን። ትንሽ ልጅ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል።

አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። አንድ ሰው ወደ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ወንድሙን ሆዱን እንዳመመው ነገራቸው። ማር እንዲያጠጣው አዘዙት። አጠጣውና ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም ባሰበት አላቸው። አሁንም ማር እንዲያጠጣው አዘዙት። እንዲህ ሲመላለስ ቆይቶ በመጨረሻ ወንድሙ ዳነ። እኛ ይህን ሐዲስ የምንለጥፈው አብዛኛውን ጊዜ ማር ለመሸጥ ነው፤ ከሥሩ የኪሎ ዋጋና ስልክ ቁጥር ይከተላል። እኔን የሚገርመኝ ግን የሰውዬው መመላለስ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። መድኃኒቱ በመጀመሪያው ቀን ስላላቆመለትም እንዲተወው አልተነገረውም። (እግረ መንገዴን፦ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም ገና ያልጠነከረ አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።)

ብዙ ቤት የሚሳሳተው ልክ እዚህ ላይ ነው። ለምለም ይገዛል፣ አንድ ቀን ይሰጣል፣ ተቅማጡ አይቆምም፣ «አልሠራም» ተብሎ ይጣላል። ወንድሜ፣ ለምለም ተቅማጥ አያቆምም! ሥራው የወጣውን ውኃና ጨው መመለስ ነው። በእሽጉ ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ አብዛኛው ለ1 ሊትር የተዘጋጀ ነው። ሙሉውን እሽግ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ በጥብጠው። ለቁጠባ ብለህ ግማሹን አታስቀር፣ ስኳርም አትጨምር። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፋውና አዲስ በጥብጥ። 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በግምት አንድ የቡና ሲኒ ማለት ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀህ ቀስ እያልክ በማንኪያ ትቀጥላለህ። ለስላሳና የታሸገ ጭማቂ ግን ስኳሩ ተቅማጡን ያብሰዋል።

ሰብር ካልን ሰብሩ እሱ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ የሚያለቅስ ልጅ ታቅፎ፣ በየደቂቃው አንድ ማንኪያ። ይህን ደግሞ እናት ብቻዋን እንድትሠራው የሚያዝ ሸሪዓ አላውቅም።

ከለምለም ጋር ዚንክ አለ። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ፍሬ፣ በማንኪያ ውኃ ወይም በጡት ወተት ሟሙቶ፣ ለ10 ቀን ይሰጣል። ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቢቆምም 10ሩ ቀን ይሞላል፤ የተጎዳው አንጀት እንዲጠገንና ሕመሙ ቶሎ እንዳይመለስ ነው።

ምግብም አይከለከልም። «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ የተራበ ልጅ ሕመሙ ይረዝምበታል። ጡት ጭራሽ አይቋረጥም፤ ሱረቱል በቀራ 233 ላይ ሁለት ሙሉ ዓመት የተባለላትን እናት «ወተትሽ ነው ያመመው» ብሎ ማስጣል ግፍ ነው። ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ ዘይት ጠብ የተደረገበት ገንፎ ይብላ። ተቅማጡ ከሰነበተ ከላም ወተት ይልቅ እርጎ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በብዙ ቤቶች ውሳኔው የአያት ነው። ጥርስ ነው ከተባለ ግግ ይወጣል፤ ካልተሻለው እንጥል ይቆረጣል። ባልጸዳ ስለት የልጅ አፍ ይደማል፤ ተቅማጡ እንዳለ ሆኖ ኢንፌክሽን ይጨመርበታል። ሚስትህ ይህን እያየች ለአማቷ እምቢ ማለት ይከብዳታል። አንተ ግን ልጇ ነህ። እናትን ማክበር ማለት ልጅን ለስለት መስጠት ማለት አይደለም። እጇን ስመህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «እማ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እንውሰደው» ማለት ትችላለህ። ካንተ በቀር ይህን የሚላት ሰው እዚያ ቤት የለም።

ሩቅያስ? ሩቅያ ሱና ነው፣ ቅራ፤ ዐይንም ሐቅ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ታከሙም ብለውናል። አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ካለ ሐኪም ትእዛዝ ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ ወይም የተቅማጥ ማቆሚያ ፍሬ መግዛት ግን መታከም አይባልም፤ ማቆሚያው ትንሽ ልጅን ሊጎዳ ይችላል። ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምናደርግ ሰዎች የልጅ ዳይፐር ቀይረን እጃችንን ያለ ሳሙና ለቅለቅ ማድረጋችን ምን ይባላል?

ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ ቀን አትቁጠር፤ በዚያው ሰዓት ውሰደው። ይህ ሁሉ ባይኖርም 14 ቀን የሞላው ተቅማጥ በሕክምና የተለየ ስም አለው፤ ልጁ ተመዝኖና ተመርምሮ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። የወንድማችን ልጅ ለዚያ 2 ቀን ነበር የቀረው።

በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰደው። ክብደቱ ቀንሶ ተገኘ፤ ለምለምና ዚንክ ተሰጠው፣ ቀጠሮም ተያዘለት። ከ6 ቀን በኋላ መስጂድ ስንገናኝ ፊቱ በርቷል። «አልሐምዱሊላህ፣ ቆሟል። ዚንኩን እንተወው?» አለኝ።

«4 ፍሬ ቀርቶሃል» አልኩት።