እንደራሴው እንደ ራሴ ነውን?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

«እንደራሴ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። እንደራሴ ማለት በሌላው ሰው ቦታ ቆሞ የሚናገርና የሚወስን ነው። ቃሉን ግን ለሁለት ከፍለን ብናነበው «እንደ ራሴ» ይሆናል፤ ይኸውም «እኔ ብገኝ ኖሮ የምናገረውን የሚናገርልኝ» ማለት ነው። የኔም ጥያቄ ከዚሁ ከስሙ የሚነሣ ነው። አንድ ሕዝብ ከሌላው ጋራ አብሮ ይኑር ወይስ ይለይ በሚባልበት በከባዱ ጉዳይ፤ የመረጥነው ሰው በእውነት እንደ ራሳችን ሆኖ ይናገራልን?

ከትልቁ ነገር በፊት ትንሹን ላስቀድም። ዓምና የክፍላችን ተማሪዎች አንድ ጓደኛችንን መርጠን ወደ አስተዳደሩ ላክነው። የላክነውም ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈትልን ዘንድ እንዲጠይቅ ነበር። ከስማዳና ከታች ጋይንት ገጠር ስንቃችንን ተሸክመን መጥተን በኪራይ ቤት ለምንኖር ተማሪዎች፤ የቅዳሜ ቀን ጸጥ ያለ የማንበቢያ ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ጓደኛችን ግን ሲመለስ «የኳስ መረብ ይገዛልን ብዬ ጠየቅሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምትወዱት ኳስ ነው ብዬ አሰብሁ» አለን። ሁላችንም ተቆጣን። የሥነ ዜጋ መምህራችን ጫጫታውን ሰምተው «ከመሄዱ በፊት ሐሳባችሁን የነገራችሁት ስንት ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። እጃቸውን ያነሡት አራት ብቻ ነበሩ። የቀረነው «ያውቀዋል» ብለን ዝም ብለን ነበር። ጥፋቱ እንግዲህ የሁለት ወገን ሆነ፤ እርሱ ሳይጠይቅ ሄደ፤ እኛም ሳንነግር ላክነው።

መምህራችን ይህን ነገር ይዘው በዚያው ሳምንት ስለ ስኮትላንድ አስተማሩን። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ፤ ከዌልስና ከሰሜን አየርላንድ ጋራ በአንድ መንግሥት ሥር የምትኖር አገር ናት። ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. የዚያ መንግሥት ሕዝብ «ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ተብሎ ተጠየቀ። በጠቅላላው ድምፅ ከሰጠው ሰው ከመቶ 52 ያህሉ እንውጣ አለ። በስኮትላንድ ግን ከመቶ 62ቱ እንቆይ፤ 38ቱ እንውጣ አሉ። በዚያን ጊዜ ስኮትላንድ በለንደን ፓርላማ 59 እንደራሴዎች ነበሯት፤ ከነዚህም መካከል እንውጣ ብሎ በይፋ የቆመ አንድም አልነበረም።

ይህን ስንሰማ አንዱ ጓደኛችን «እንግዲያውስ እንደራሴዎቹ የሕዝባቸውን ልብ ተናገሩ» አለ። እውነቱን ነው፤ የሚበልጠው ሕዝብ እንቆይ ብሏልና። አንዲት ጓደኛችን ግን ተነሥታ «እንውጣ ያሉት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎችስ እንደ ራሴ የሚሉት ማንን ነው?» ብላ ጠየቀች። እርሷም እውነቷን ነው። ሞሪ በምትባለው የስኮትላንድ አውራጃ በሁለቱ ወገን መካከል የነበረው ልዩነት 122 ድምፅ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ራሱ ባይጠየቅና እኛ 59ኙን እንደራሴዎች ብቻ ሰምተን ብንፈርድ ኖሮ፤ የስኮትላንድ ሰው ሁሉ አንድ ልብ ነው ባልን ነበር። ስለዚህ እንደራሴዎች ከብዙኃኑ ጋራ ቢስማሙም እንኳ የሕዝቡን ልብ በሙሉ አያሳዩም።

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ነው የሚል ቢኖር ወደ አገራችን ልመልሰው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኅዳር 1943 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ኤርትራ ከመስከረም 1945 ዓ.ም. ጀምሮ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋራ ተዋሐደች። 68 አባሎች ያሉት የራሷ ምክር ቤትም ነበራት። ለመጀመሪያው ምክር ቤት በአሥመራና በምፅዋ ሕዝቡ በቀጥታ መረጠ፤ በሌላው ቦታ ግን ሕዝቡ መራጮችን መርጦ፤ አባሎቹን የመረጡት እነዚያ መራጮች ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም.፤ ምክር ቤቱ ፌዴሬሽኑ ይቅር ብሎ ወሰነ። የውሳኔውን ቃል ያነበቡት የኤርትራ ዋና አስተዳዳሪ አስፍሐ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ አልቀረበም። በኤርትራ ውስጥ ውሕደቱን ከልቡ የሚወድ ብዙ ሰው ነበረ፤ የሚቃወመውም ብዙ ነበረ። ስንቱ ከስንት እንደ ሆነ ግን ማንም ሊናገር አይችልም፤ አልተቆጠረምና።

ያልተቆጠረው ድምፅ በጠመንጃ ተቆጠረ። በነሐሴ 1953 ዓ.ም. የተጀመረው ተኩስ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። አያቴ የስማዳ ሰው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ወታደር ሆኖ ወደ ናቅፋ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ስለዚያ ዘመን ስጠይቃቸው ብዙ አይናገሩም፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ልጄ፤ ይቆዩም ቢባል ይሂዱም ቢባል እኛን የጠየቀን የለም፤ የተጠየቅነው ልጅ ብቻ ነው» አሉኝ። ይህ ቃል ከመጽሐፍ ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ በልቤ ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝብ ራሱ ተጠየቀ፤ ድምፁን ከሰጠውም ከመቶ 99.8 ነጻነትን መረጠ። የ1955ቱ ምክር ቤት ቃልና የ1985ቱ ሕዝብ ቃል ሰማይና ምድር ናቸው። እርግጥ በመካከሉ የ30 ዓመት ጦርነት ስላለፈ የ1985ቱ ሰው የ1955ቱ ሰው አይደለም። ስለዚህ በ1955 ዓ.ም. የሚበልጠው ሕዝብ ይህን ይል ነበር ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። የማውቀው ባለመጠየቁ የተነሣ እውነቱ ተሸፍኖ መቅረቱን ነው። የቀረው የኢትዮጵያ ሕዝብም በ1985 ዓ.ም. በድምፅ አልተጠየቀም። በዚያን ጊዜ የነበረው የሽግግር ምክር ቤት 87 መቀመጫ የተደለደለው ለድርጅቶች ነበር፤ የጋይንት ወይም የእስቴ ገበሬ በካርዱ የመረጠው እንደራሴ በዚያ አልተቀመጠም። ለመሄድ የሚወስነው የሚሄደው ሕዝብ መሆኑን አምናለሁ። የሚቀረውም ቢሆን ስለ ወደቡ፤ ስለ ወሰኑና ስለ ንግዱ በእንደራሴው አፍ መናገር ይገባው ነበር እላለሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ በኛ ዕድሜ የሆነ ነው። ሲዳማ በደቡብ ክልል ሥር ዞን ሳለ የዞኑ ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከዚያ ክልል ወጥተን ራሳችንን የቻልን ክልል እንሁን ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ብዙ ሰዎች የጠበቁት አንድ ዓመት ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሞላም ሕዝበ ውሳኔው አልተደረገም፤ በዚያም ሰሞን ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝቡ ተጠየቀ፤ ድምፅ ከሰጠውም ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው ክልል መሆንን ደገፈ። እዚህ ላይ የተመራጮቹ ቃልና የመራጩ ቃል አንድ ሆነ። «ታዲያ መልሱ የታወቀ ከሆነ መጠየቁ ምን ጠቀመ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥቅሙ ከዚያ ቀን በኋላ «ይህ የጥቂት ሹማምንት ፈቃድ ነው» ለማለት ለማንም አለመመቸቱ ነው። ጉዳቱም የመጣው ሕዝቡ በመጠየቁ ሳይሆን መጠየቁ በመዘግየቱ ነው።

የአገራችን ሕገ መንግሥት ለዚህ ነገር ሁለት ቁልፍ አበጅቶለታል። በአንቀጽ 39 መሠረት የመገንጠል ጥያቄ በመጀመሪያ በሚመለከተው ብሔር ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መደገፍ አለበት፤ ከዚያም በ3 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል። አዲስ ክልል ለመመሥረትም በአንቀጽ 47 እንዲሁ የምክር ቤትና የሕዝብ ድምፅ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንቀጹ ራሱ ይኑር ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ሌላ ነው፤ እኔም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን የአባቶች ቃል ከሚወዱት ወገን ነኝ። ነገር ግን ተመራጩ ብቻውን በሩን እንዳይከፍትም፤ እንዳይዘጋም ሁለተኛው ቁልፍ በሕዝቡ እጅ መቀመጡ መልካም ነው።

የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚሉትንም ሰምቻለሁ። «ሕዝብ በቁጣ ይነዳል፤ ብዙውም አልተማረም፤ እንደራሴ የሚመረጥ ከሌላው አርቆ እንዲያይ ነው፤ መራጩን በየጊዜው የሚጠይቅ ከሆነማ ፖስተኛ ሆነ እንጂ እንደራሴ አልሆነም» ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፤ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ሲል ኅሊናን አልዘለለም። ነገር ግን ሕዝብንም አልዘለለም። አርቆ የሚያይ ሰው ያየውን መጥቶ መንገር አለበት፤ መንገዱ ገደል እንዳለው ካወቀ ገደሉን ያሳይ እንጂ ሰውን ዓይኑን ሸፍኖ አይምራው። ደግሞም አልተማረም የሚባለው ገበሬያችን የበሽሎን ሙላት አይቶ መሻገርና አለመሻገርን የሚለይ፤ በሽምግልና ቁጭ ብሎ የደም ነገር የሚያስታርቅ ሰው ነው። የልጁ ሕይወት በሚጠየቅበት ነገር አያውቅም ልንለው አይገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፤ እንደራሴው በምርጫ ሰሞን ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ወደ መረጠው ሕዝብ ይመለስ። በነፋስ መውጫ፤ በአርብ ገበያ፤ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ቀን ቆሞ «በዚህ ጉዳይ እንዲህ ብዬ ድምፅ ሰጠሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ ይናገር። ሁለተኛ፤ የብዙኃኑን ሐሳብ ይዞ ቢሄድም የጥቂቶቹን ሐሳብ በኪሱ ሸሽጎ አይቅር፤ «ከመራጮቼ ይህን የሚሉም አሉ» ብሎ በምክር ቤቱ ያሰማ። ሦስተኛው ወደኛው የሚመለስ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም» የሚለው ተረት ለሌላ ጊዜ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእንደራሴው ሐሳቡን ላልነገረ መራጭ ግን አይጠቅምም። ወላጆቻችን ሆይ፤ ለመረጣችሁት ሰው ልባችሁን ንገሩት። ሕገ መንግሥቱ አመኔታ ያጣን ተመራጭ ማንሳት እንደሚቻል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ያልነገርነውን ሰው አልሰማኸንም ብለን ልንወቅሰው አንችልም።

እኛም ተማሪዎች ከክፍላችን እንጀምር። ያን ጓደኛችንን ዘንድሮ ደግመን መረጥነው። በዚህ ጊዜ ግን ከመሄዱ በፊት በየወንበሩ እየዞረ የያንዳንዳችንን ሐሳብ በደብተሩ ጻፈ፤ ኳሱን የሚሹትንም፤ መጻሕፍቱን የሚሹትንም ቁጥራቸውን ለይቶ መዘገበ። ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ለግማሽ ቀን ተከፈተልን። መረቡ ገና አልተገዛም፤ ግን የጠየቁት ልጆች ጥያቄያቸው መቅረቡን ያውቃሉ፤ ስለዚህም ከኛ ጋራ አልተጣሉም። ነገ ከነዚህ ወንበሮች ተነሥቶ ለትልቁ ምክር ቤት የሚመረጥ ቢኖር፤ ያን ደብተር እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።