መግለጫው ከአዲስ አበባ፣ ቅጣቱ በጂንካ!

እስቲ እንጠያየቅ። የዲመካ ገበያ ፍየል ዶላር ታውቃለች? አታውቅም! የጋጠችው የሐመር ምድርን ሣር ነው። ታዲያ ብሔራዊ ባንክ መግለጫ ባወጣ ቁጥር ባለፍየሉ የሚቀጣው በየትኛው ጥፋቱ ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ባንኩ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱን አወጀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በንግድ ባንክ በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ገባ፤ ወር ሳይሞላው 100 ብር ተሻገረ። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የጭነት መኪና መንገድ ላይ ያድራል፣ ወሬ ግን አያድርም! የነጋዴው ሒሳብ ግልጽ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን የሚሸጠው በገዛበት ሳይሆን ነገ በሚተካበት ዋጋ ነው። አርብቶ አደሩ ፍየሏን በዛሬ ዋጋ ሸጦ ጨርቁንና ባትሪውን በነገ ዋጋ ይገዛል። የጂንካው መምህርም ያው ነው፤ ደመወዙ መግለጫ አይሰማም!

ባለሥልጣናቱ፣ ዕቃው ድሮም በጥቁር ገበያ ዶላር ሲገባ ስለኖረ ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት የለም አሉን። ግማሽ እውነት ናት። ነዳጅና ማዳበሪያስ? እነሱ የሚገቡት በመንግሥት ተመን ነበር። ነዳጅ ለጊዜው በድጎማ ቢያዝም መስከረም 2017 ላይ ጨመረ። የጂንካን ዕቃ የሚያመጣው መኪና ደግሞ የሚሄደው በነዳጅ እንጂ በመግለጫ አይደለም።

ከዚያስ? ዋጋ ጨመራችሁ ተብሎ ሱቅ ማሸግ ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው!

ነገሩ አዲስ ቢሆን ባላስገረመን። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ዘለለ። በ2010 ዓ.ም. ብር 15 በመቶ ወረደ። ይህን ያህል ዓመት ያስተማረ ተመክሮ እያለ ዛሬም ሕዝብ የሚሰማው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ተመን የሚቀየርበት ቀን አስቀድሞ ይነገር አላልንም፤ ያ ዕቃ ደባቂን መጥቀም ነው። የምንለው አጭር ነው። መግለጫው በወጣበት ቀን የትኛው ዕቃ እስከ መቼ እንደሚደጎም፣ ደመወዝተኛው መቼ እንደሚካስ በግልጽ ይነገር። በአሪኛ፣ በሐመርኛና በዳሰነችኛ ጭምር ይነገር! ዋጋው በሁሉም ቋንቋ ይገባል፤ ማብራሪያው ለምን በአንድ ቋንቋ ይቀራል?