ርካሹ ታብሌት የቡናችንን ዋጋ እንዳይበላው

ዛሬ የፈረሱላ ዋጋን እንተወውና ስለ ታብሌትና ስልክ እናውራ። «ከቡና ጋር ምን አገናኘው?» ለምትሉ፣ ወደ አውሮፓ ለሚልክ ሰው በደንብ ይገናኛል።

የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ፣ ለትልልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች በፈረንጆቹ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ተቀጥሯል። ቡናው የበቀለበት ማሳ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተገኘ አለመሆኑን ማሳየት ግድ ነው። ለዚህ ደግሞ የማሳው መገኛ በጂፒኤስ ይያዛል። እስከ 4 ሄክታር አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ዙሪያው ይለካል። መረጃው የሌለ ማሳ ቡናው ቢጣፍጥም ወደዚያ ገበያ አይገባም።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሸከመው መዝጋቢው ልጅ የያዘው ርካሽ ታብሌት ነው። ችግሩም እዚያው ይጀምራል።

ካርቶኑ ላይ 32 ጂቢ የሚል ታብሌት ከነጆንያው እንደተመዘነ ቡና ነው። ሲስተሙና አብረው ተጭነው የመጡት ፕሮግራሞች ሰፊ ቦታ ቀድመው ይይዛሉ። የጂፒኤስ ነጥብ ራሱ ቦታ አይፈጅም፤ የሚፈጀው ፎቶ ነው። 500 ገበሬ፣ ለእያንዳንዱ 4 ፎቶ፣ አንዱ ፎቶ 3 ሜጋባይት ብንል 6 ጂቢ ሄደ ማለት ነው። የሳተላይት ካርታው፣ ቴሌግራሙና ቪዲዮው ሲጨመርበት ታብሌቱ «ቦታ የለኝም» ይላል። ያኔ ነው አደጋው።

ራም ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ስቶሬጅ መጋዘን ከሆነ ራም የለቀማ ጠረጴዛ ነው። መጋዘኑ ቢሰፋም ጠረጴዛው ከጠበበ ሥራው አይሄድም። 2 ጂቢ ራም ባለው ታብሌት መዝጋቢው የማሳውን ዙሪያ እየለካ መሃል ላይ ካሜራ ቢከፍት ወይም ስልክ ቢደወልለት፣ አንድሮይድ ቦታ ለማግኘት የመለኪያውን ፕሮግራም ሊዘጋው ይችላል። ፕሮግራሙ በየመሃሉ የሚያስቀምጥ ካልሆነ ልጁ እንደገና ይዞራል፤ ወይም ደክሞት በግምት ይሞላዋል። ሁለተኛው ይብሳል።

«8 ጂቢ ራም» ተብሎ ሲሸጥላችሁ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ አንብቡ። «4+4» ከሆነ ግማሹ ከስቶሬጅ የተበደረ ነው፤ ከእውነተኛው ራም ይዘገያል፣ ያችኑ ጠባብ መጋዘንም ያጣብባል። ርካሽ የኤስዲ ካርድም እንዲሁ፤ 64 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ከዚያ በጣም ያነሰ የሆነ አስመስሎ የተሠራ ካርድ አለ። ሲሞላ ፋይሉን ያበላሻል።

አሁን ታብሌት በእጃችሁ ላለ፣ ዛሬውኑ የሚሠራ ነገር አለ። ቴሌግራም ያወረደውን ፎቶና ቪዲዮ ከሴቲንግ ገብታችሁ አጽዱ፤ ከዚህ ቻናል የወረደው የዋጋ ሰንጠረዥ ጭምር ይጥፋ፣ ስትፈልጉ ተመልሶ ይወርዳል። በመዝገብ ፕሮግራሙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ክሊር ካሽ» እና «ክሊር ዳታ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን የነካ ሰው ገና ያልተላከውን የገበሬ መዝገብ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር መጀመሪያ መላክ፣ መድረሱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ማጽዳት።

ወደ ዋናው አቋማችን እንምጣ። ዩኒየኖች ታብሌት ስትገዙ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ» ብቻ አትበሉ። በጨረታ ሰነዱ ላይ የተበደረውን ሳይጨምር ቢያንስ 4 ጂቢ ራምና 64 ጂቢ ስቶሬጅ ብላችሁ ጻፉ። ቡና ስንገዛ እርጥበቱን ሳንለካ እንገዛለን እንዴ? ላኪዎችም መረጃውን የምትፈልጉት እናንተ ናችሁና ወጪውን ተጋሩ። መዝጋቢውን በግል ስልክህ ሥራ ማለት ወጪ መቀነስ አይደለም፤ ከልጁ ኪስ መውሰድ ነው።

በታብሌቱ ላይ የተረፈችው ብር 500 ገበሬ ቤት ድጋሚ ለመሄድ የሞተር ቤንዚንና የቀን አበል አትሸፍንም። ድጋሚ ካልተሄደ ደግሞ ከዝርዝሩ የሚወጣው ገበሬው ነው። ታብሌት አልመረጠም፣ ጨረታ አላወጣም፤ ቡናው ግን በአገር ውስጥ ዋጋ ይቀራል።