ወንበር የሚደረድሩት ፊልሙንም ይምረጡ

ክሮማርቲ በሰሜን ስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ነዋሪዋ ሰባት መቶ ገደማ ቢሆን ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጀመሪያ ፀሐይ እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ በበጋ የመጣው ቱሪስትም ወደየቤቱ ከገባ ሰንብቷል። የመንደሪቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የፊልም ፌስቲቫላቸውን የሚያዘጋጁት በዚህ ወቅት ነው።

ፌስቲቫሉ ሲጀመር መንደሪቱ ሲኒማ ቤት አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1846 የተሠራ፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ ነጭ የመብራት ማማ ግን ነበራት። አዘጋጆቹ ፕሮጀክተራቸውን ፊት ለፊት ተክለው ፊልሙን ማማው ላይ ለቀቁት። ምስሉ በክቡ ግንብ ላይ ሲያርፍ ዳርና ዳሩ ይጎብጣል። ተመልካቹ ካፖርቱን ደርቦ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ፣ ደጅ ቆሞ ያያል። ቀሪዎቹ ፊልሞች በመንደሪቱ አዳራሾችና አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ይታያሉ፤ የሚጋበዙትም እንግዶች የገዛ ሥራቸውን ብቻ ሳይሆን በሕይወታቸው በጣም የወደዱትን ፊልም ይዘው ይመጡና ለምን እንደወደዱት ለሕዝቡ ይናገራሉ። ዛሬ መንደሪቱ የራሷ ትንሽ ሲኒማ ቤት አላት። እሱንም ያቆሙት እነዚያው ፌስቲቫሉን በበጎ ፈቃድ የሚያዘጋጁት ሰዎች ናቸው።

የክሮማርቲ ነገር ትኩረት የሚገባው መንደሪቱ ትንሽ ሆና ፌስቲቫል በማዘጋጀቷ አይደለም። ኬብል የሚዘረጋው፣ ትኬት የሚቆርጠው፣ እንግዳ የሚቀበለው ሰው በፌስቲቫሉ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የትኛው ፊልም ይታይ ብሎ የሚከራከር መሆኑ ነው። በበጎ ፈቃደኛና በበጎ ፈቃደኛ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ዩታ ግዛት ሲካሄድ በኖረው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ እጅግ ብዙ በጎ ፈቃደኞች ሰልፍ ያስከብራሉ፣ ትኬት ያያሉ፣ መንገድ ያሳያሉ። የተከበረ ሥራ ነው፤ እነሱ ባይኖሩ በሩ አይከፈትም። ፊልሙን የሚመርጡት ግን በሙያው የተቀጠሩ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ለዚያ ዓይነቱ ግዙፍ ገበያ ይህ አሠራር ያስኬድ ይሆናል። ለአንድ ሰፈር ወይም ለአንድ የወረዳ ከተማ ግን አይሆንም። የሰፈር ፌስቲቫል ሕይወቱ ነዋሪው «የእኔ ነው» ማለቱ ነው፤ ነዋሪው ደግሞ ያልመከረበትን ነገር የእኔ አይልም።

ከክሮማርቲ ብዙም በማትርቀው በናይርን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 የታየው ይህን ያጠናክራል። ተዋናይዋ ቲልዳ ስዊንተንና የፊልም ጸሐፊው ማርክ ከዝንስ አንድ አሮጌ የዳንስ አዳራሽ ይዘው ለስምንት ቀን ተኩል ፊልም አሳዩ። መግቢያው ጥቂት ፓውንድ ነበር፤ ቤቱ የጋገረውን ኬክ በትሪ ይዞ መጥቶ ለተመልካቹ ያካፈለ ግን ያለ ክፍያ ይገባል። በዓመቱ ደግሞ በከባድ መኪና ላይ የተገጠመውን ተንቀሳቃሽ ሲኒማ በገመድ አስረው፣ ከየመንደሩ ከተሰበሰበ ሰው ጋር በስኮትላንድ ተራሮች መካከል በጉልበታቸው ጎተቱት። ስዊንተን የኦስካር ተሸላሚ ናት። ገመዱን ግን ከሌላው ሰው እኩል ይዛለች።

ነገሩ የስኮትላንድ ብቻ አይደለም። በአልጄሪያ ደቡብ ምዕራብ፣ ቲንዱፍ አጠገብ ባለው በረሃ ከምዕራብ ሰሃራ የተሰደዱት የሰሃራዊ ሕዝብ መጠለያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ትውልድ የተተካባቸው መጠለያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያ ፊሰሃራ የተባለ የፊልም ፌስቲቫል ተጀመረ። ትልቁ ሸራ በከባድ መኪና ጎን ላይ ይወጠራል፤ ሰዉ አሸዋው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ይቀመጣል። ከስፔንና ከሌላም አገር የሚመጣው እንግዳ የሚያድረው በስደተኞቹ ቤትና ድንኳን ውስጥ ነው፤ እነሱ ያበስሉለታል፣ ሻይ ያፈሉለታል። የአንደኛው ፊልም ሽልማት ነጭ ግመል ነው። ፌስቲቫሉ በስፔን የፊልም ሰዎች ድጋፍ ቢነሣም በዚያው አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በመጠለያው ውስጥ የፊልም ትምህርት ቤት ተከፈተና የሰሃራዊ ወጣቶች ካሜራውን ራሳቸው ያዙት። በቀን የራሽን ዱቄት የሚጠብቅ ሕዝብ ማታ ፊልም ያስፈልገዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ አሸዋው ላይ ተቀምጦ የሚያየው ሕዝብ ነው።

በጎ ፈቃደኞች ሁሉን ነገር አሟልተው አንድ ነገር ብቻ ሲጎድላቸው ምን እንደሚሆን ደግሞ ጎረቤታችን ሱዳን አሳይታናለች። በሱሃይብ ጋስመልባሪ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን ፌስቲቫል የተሸለመው «ስለ ዛፎች ማውራት» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የአራት አዛውንት ባለሙያዎችን ታሪክ ይከተላል። ኢብራሂም ሻዳድ በጀርመን፣ ሱሌይማን መሐመድ ኢብራሂም በሞስኮ፣ አልጣይብ ማህዲ በካይሮ ፊልም የተማሩ ናቸው፤ አራተኛው ማናር አል ሂሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከተደረገው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች እየተዘጉ፣ የእነሱም ሙያ እየተረሳ ሄዷል። አዛውንቶቹ ግን ፕሮጀክተራቸውን በመኪና ጭነው ከቦታ ቦታ ይዞራሉ። አንድ ምሽት የቻርሊ ቻፕሊንን «ዘመናዊው ጊዜ» ሜዳ ላይ ሲያሳዩ ነፋስ ሸራውን ያራግበዋል፤ የሚሄድ ግን የለም።

ከዚያ በኦምዱርማን ከተማ የተዘጋ አንድ ክፍት ሲኒማ ቤት ለአንድ ምሽት ሊከፍቱ ተነሡ። አቧራውን ጠረጉ፣ መሣሪያ ፈለጉ። የአካባቢውን ወጣቶችም ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠየቁ። ወጣቶቹ የመረጡት የአሜሪካዊውን የታራንቲኖን «ጃንጎ አንቼይንድ» ነበር። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ለሲኒማ ጥበብ የሰጡ ናቸው፤ «ይህ አይመጥናችሁም፣ እኛ እናውቅላችኋለን» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም፤ ሕዝቡ የጠየቀውን ለማምጣት ደፋ ቀና አሉ። ያቆማቸው ፈቃድ ነው። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ፊርማ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ካሜራው ይከተላቸዋል። ገንዘብ አልጠየቁም፣ ደመወዝ አልጠየቁም። የጠየቁት ሸራ ወጥረው ለአንድ ምሽት ፊልም እንዲያሳዩ ብቻ ነበር፤ ፈቃዱ አልመጣም። ይህ ለማንኛውም የከተማ አስተዳደር ትምህርት መሆን ይገባዋል። ከመንግሥት የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ በጀት አይደለም፤ ቀን ያለው፣ መልስ የሚሰጥ፣ በአንድ መስኮት የሚያልቅ ፈቃድ ነው።

እኛስ? የእኛ ሰው በዚህ መንገድ ሄዶ ያውቃል። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ለውድድር ካቀረበ በኋላ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም አሉት። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ፊልሙን ይዘው ቁጭ አላሉም፤ በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። በሌሎች ከተሞች ያሉ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰቦችም ፊልሙን ወደ ሰፈራቸው ለማምጣት ተሰባሰቡ፤ ለሳምንታት የታየባቸው ቦታዎች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች አከፋፋይም ባለሀብትም አልነበሩም፤ ፊልሙ የእነሱን ታሪክ የሚናገር ስለመሰላቸው ብቻ ሥራዬ ብለው ያዙት። ባልና ሚስቱ በፊልሙ ስም ሳንኮፋ ያሉት የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ዛሬም በዋሽንግተን በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት አለ። ፊልሙም ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔትፍሊክስ ወጣ። አከፋፋዮቹ ፊታቸውን ያዞሩበትን ሥራ እስከዚያ ድረስ ያቆየው ሕዝብ ነው።

ከአገር ውጭ ይህን ያህል የተቻለው ነገር እዚህ የሚያቅትበት ምክንያት የለም። የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመር ምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰው የሚያስተባብር ሰው፣ ገንዘብ በታማኝነት የሚይዝ ሰው ነው። በየሰፈሩ ያለ እድር እነዚህ ሁሉ አሉት። ድንኳኑና ወንበሩ በዕቃ ቤቱ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ለለቅሶ ይወጣል፣ በብዙ ቦታም ለሠርግ ይከራያል። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ የተመረጡ ናቸው። ሌሊት ስልክ ተደውሎላቸው ንጋት ላይ ድንኳን ተክለው፣ ውሃ አስቀድተው፣ ለሦስት መቶ ሰው መቀመጫ ማዘጋጀት ያውቁበታል። በአውሮፓ ከተሞች በጎ ፈቃደኛ አሰባስቦ ይህን ማሠልጠን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እዚህ ሥልጠናው አስቀድሞ አለ።

በዚያ ላይ የወጣት ማዕከላት አዳራሽና የቀበሌ አዳራሽ አለ። በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ደግሞ አግዳሚ ደርድሮ ፊልም ሲያሳይ የኖረ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ባለቤቶቹ ሕዝቡ ምን እንደሚወድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ድምፁ መቼ እንደሚረብሽ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እነሱን ከኮሚቴው ማስቀረት ስሕተት ነው።

የበጎ ፈቃድ ነገር ከተነሣ፣ በየክረምቱ ብዙ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ፣ ችግኝ ሲተክሉ፣ ደም ሲለግሱ እናያለን። ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ዕቅዱ ከላይ ይወርዳል፤ ወጣቱ የተሰጠውን ቲሸርት ለብሶ የተባለውን ሠርቶ ይመለሳል። ጉልበቱ ይቆጠራል፣ ሐሳቡ አይጠየቅም። የሰፈር ፊልም ፌስቲቫል ለእሱ ሌላ ነገር ይሰጠዋል፤ ፊልም አይቶ መመዘን፣ ከአባቶች ጋር ተከራክሮ መስማማት፣ ለፕሮዲዩሰር ደብዳቤ መጻፍ፣ በተመልካች ፊት ቆሞ ውይይት መምራት።

ምን ይታይ ለሚለው ደግሞ መነሻ አይጠፋም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ የተነሣው ከአርሲ ገጠር፣ ተጠልፋ ራሷን ከተከላከለች አንዲት ልጅ የፍርድ ጉዳይ ነው። ይህ ፊልም አሰላ ላይ፣ በእድር ድንኳን ውስጥ፣ እናቶችና የሕግ ባለሙያዎች በተገኙበት ቢታይ ውይይቱ ከየትኛውም የውጭ አዳራሽ የበለጠ ጥልቅ ይሆናል ብሎ ማመን ማጋነን አይደለም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ታይቷል፤ በግና ልጅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የደጋው ገበሬ ምን እንደሚል መስማት ያስመኛል።

ሦስት ነገር ግን ካሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።

የመጀመሪያው መብት ነው። ፊልም በፍላሽ ስለተገኘ ብቻ ለሕዝብ አይታይም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ለሕዝብ የማሳየት መብትን ለባለቤቱ ሰጥቷል። ለሰፈር ለአንድ ምሽት፣ ያለ ትርፍ የሚታይ መሆኑ ተገልጾ በደብዳቤ ቢጠየቅ የሚፈቅድ ፕሮዲዩሰር አይጠፋም፤ መጠየቁ ግን ግዴታ ነው። በጎ ሥራ የሌላውን ላብ አይወስድም።

ሁለተኛው ጉልበት ነው። በጎ ፈቃድ ማለት ሰውን በነጻ ማድከም አይደለም። ምሳና መጓጓዣ ይቻል፣ የእረፍት ተራ ይውጣ። ፌስቲቫሉ እያደገ ሲሄድ ቢያንስ አንድ አስተባባሪ ደመወዝ ይከፈለው፤ ይህ የበጎ ፈቃዱን መንፈስ አያረክስም፣ ይልቁንም መሥራቹ ሲደክመው ሥራው አብሮት እንዳይሞት ያደርጋል። ትኬት ሸጦ የሚያተርፍ ድርጅት ግን ሥራውን በበጎ ፈቃደኛ ሊያሠራ አይገባም። ትርፍ ካለ ክፍያ መኖር አለበት።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የማይነሣው ነው። በእድርም፣ በማኅበርም፣ በሰፈር ዝግጅትም ማዕድ ቤቱ የሴቶች ይሆንና መድረኩ የወንዶች ይሆናል። ቡና ስታፈላ፣ ሰሐን ስታጥብ ያመሸች ሴት ፊልሙን ሳታይ ከቀረች ፌስቲቫሉ ገና ከጅምሩ ከሽፏል። ምግቡን ወንዶቹም በተራ ያቅርቡ፤ የመራጭ ኮሚቴው ግማሽ ሴት ይሁን። ይህ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ በልማድ አይመጣም።

የሙያ ጉዳይ የሚያነሡም አሉ። ፊልም የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ኮሚቴው ኮሜዲ ብቻ ይመርጣል፣ ጥበቡ ይዋረዳል ይላሉ። ስጋቱ እውነት አለው። መፍትሔው ግን ባለሙያውን ከሕዝቡ በላይ ማስቀመጥ ሳይሆን ከሕዝቡ ጋር ማስቀመጥ ነው። የኦምዱርማን አዛውንቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቻፕሊንን እነሱ ለሕዝቡ አመጡለት፣ ታራንቲኖን ደግሞ ሕዝቡ ጠየቃቸው። ከአምስት ፊልም ሁለቱን ባለሙያ፣ ሁለቱን የሰፈሩ ኮሚቴ፣ አንዱን የሰፈሩ ተማሪዎች ቢመርጡ ማንም አይጎዳም።

ጊዜውም ከክረምቱ በኋላ ነው። መስከረም ከገባ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ጥቅምት ላይ ሜዳው ይደርቃል፣ ማታው ይበርዳል እንጂ አያበሰብስም። ከዚያ በፊት ጠቅላላ ጉባዔ የሚጠሩ እድሮች አሉ፤ የሒሳብ ሪፖርት ይሰማል፣ መዋጮ ይነሣ አይነሣ ይባላል። በዚያ ስብሰባ ላይ ድንኳኑንና መቶ ወንበር ለሁለት ምሽት ለወጣቶቹ እንስጥ የሚል አንድ ሐሳብ በአጀንዳ ማስያዝ ይቻላል። ሐሳቡ ከጸደቀ ጸሐፊው ቃለ ጉባዔውን አያይዞ ለወረዳው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ወረዳውም በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ።